ነጭ የነበረው አልበም ከል ሲለብስ

በጥንቷ ሮም ሕዝብ እንዲያውቀው የተፈለገ ጉዳይ የሚገለጸው አደባባይ ላይ በሚቆም ነጭ የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ነበር። የዳኛው ዐዋጅ፣ የሹማምንቱ ስም ዝርዝር፣ በዓመቱ ውስጥ የሆነው ዐቢይ ነገር ሁሉ እዚያ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል። ሰሌዳው ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ «አልቡም» አሉት፣ በላቲን «ነጭ» ማለት ነው። አልቢኖ የሚለው ቃልም ሆነ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ የምናነበው አልቡሚን ከዚሁ ከነጭ የተወለዱ ናቸው።

በጁላይ 1980 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአውስትራሊያ የተነሣው የኤሲ/ዲሲ ባንድ አንድ አልበም አወጣ። ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። ሥዕል የለው፣ ፎቶግራፍ የለው። ስሙም «ባክ ኢን ብላክ» ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ «ጥቁር ለብሶ መመለስ» እንደ ማለት። ነጭ ተብሎ የተጠራ ነገር ይህን ያህል ጠቁሮ መምጣቱ ቃላትን መከታተል ለሚወድ ሰው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ግን በዚህ አልበም ላይ ልቆይበት የፈለግሁት ስለ ቀለሙ ብቻ አይደለም። ከአሠራሩ እስከ አቀባበሉ ታሪኩን የምንተርክባቸው ቃላት፣ አማርኛዎቹም ባዕዶቹም፣ እያንዳንዳቸው የመጀመሪያ ትርጉማቸውን በመንገድ ላይ ጥለው ሥራቸውን የቀጠሉ ናቸው። ይህ ባንድም የደረሰበት ይኸው ነው፦ ሰዎች የሚያውቁትን ድምፁን በሞት አጣና ስሙን ይዞ ቀጠለ።

በመጀመሪያ ግን ነጩ ሰሌዳ እንዴት የዘፈን ስብስብ ሆነ? በ16ኛው መቶ ዘመን የጀርመን ተማሪዎች ባዶ ነጭ ወረቀት የተጠረዘበት ደብተር ይዘው ከከተማ ከተማ ይሄዱ ነበር። መምህራኖቻቸውና ጓደኞቻቸው ስማቸውንና ምርቃታቸውን ይጽፉላቸዋል። ይህን ደብተር በላቲን የወዳጆች አልቡም አሉት። እዚህ ላይ ቃሉ ከሰሌዳ ወጥቶ ወደ መጽሐፍ ገባ። በ19ኛው መቶ ዘመን ፎቶግራፍ ሲመጣ የፎቶ መያዣው መጽሐፍ ስሙን ወረሰ፤ የሠርግ አልበም የምንለው ከዚያ ወገን ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አንዱ የሸክላ ፊት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ረዘም ያለ ሙዚቃ በብዙ ሸክላ መከፋፈል ግድ ሆነ። በ1909 ኦዲዮን የተባለው ኩባንያ የቻይኮቭስኪን ሥራ በአራት ሸክላ አድርጎ ባንድ ጥራዝ ሸጠ። እንዲህ ያለው ጥራዝ እንደ ፎቶ መጽሐፍ እየተገለጠ ሸክላው ከኪሱ ይወጣ ስለነበር አልበም መባሉ አላስገረመም። በ1948 ኮሎምቢያ ኩባንያ በአንድ ፊት ከ20 ደቂቃ በላይ የሚጫወተውን ትልቁን ሸክላ ሲያወጣ ጥራዙ አላስፈለገም፣ ስሙ ግን ቀረ። በ1968 ቢትልሶች በነጭ ሽፋን ያወጡትን ሥራ ዓለም «ነጩ አልበም» ሲል «ነጩ ነጭ» እያለ መሆኑን ማንም አላሰበም፤ ቃሉ ከቀለሙ ተለይቶ ነበርና።

ወደ ባንዱ ስም እንምጣ። ወንድማማቾቹ ማልኮምና አንገስ ያንግ የተወለዱት ስኮትላንድ ግላስጎው ነው፤ በ1963 ቤተሰቡ ወደ ሲድኒ ተሰደደ። ባንዱን በ1973 ሲመሠርቱ እህታቸው ማርጋሬት በስፌት መኪናዋ ላይ የተጻፉትን አራት ፊደላት አይታ ስም አወጣችላቸው። ፊደላቱ ማሽኑ በሁለቱም ዓይነት ኮረንቲ፣ በተለዋዋጩም በቀጥተኛውም፣ ይሠራል ማለት ናቸው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ እጅግ ይቀርበዋል፤ የስፌት መኪናም ኮረንቲም በቤታችን ያደጉ ቃላት ናቸውና። ሁለቱም የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። «ማኪና» መሣሪያ ሁሉ ነው፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ መኪና ሲባል ተሽከርካሪ ቢታሰብም የልብስ ሰፊው ዕቃ ግን የድሮውን ሰፊ ትርጉም ይዞ «የስፌት መኪና» እንደተባለ ቀርቷል። «ኮረንቲ» ደግሞ የሚሮጥ፣ የሚፈስ ማለት ነው። ሥሩ በላቲን መሮጥን የሚያመለክት ግሥ ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ከሰው አፍ የማይጠፋው ኮሪደርም መሮጫ መንገድ ማለት ሆኖ ከዚያው ግሥ ተወልዷል። አማርኛ ሥራውን እንዴት እንደከፋፈለው ልብ በሉ። የሚመጣውና የሚጠፋው «መብራት» ነው፤ ሰውን የሚይዘው፣ የሚያንዘፈዝፈው ግን ኮረንቲ ነው። መብራት ያዘው የሚል የለም። ማርጋሬት ያንግ ለወንድሞቿ የመረጠችላቸው ስም ይህ የሚይዘው ኃይል ነበር፤ የወንድሞቿን ጊታር የሰማ ሰው ስሙ በደንብ እንደመጠናቸው ይመሰክራል።

ጊታር ካልንም ቃሉ ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። ግሪኮች ኪታራ ይሉት የነበረው ባለ ክር መሣሪያ በዐረብኛ፣ በስፓኝኛና በጣሊያንኛ እየዞረ ቅርፁም ስሙም ተለወጠ። በዮሐንስ ራእይ ግሪኩ ኪታራ ሲል አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገና ይላል። አንገስ ያንግ በትምህርት ቤት ዩኒፎርምና በቁምጣ መድረክ ላይ የሚዘልበት ጊብሰን ጊታርና አባቶቻችን በዐቢይ ጾም የሚደረድሩት በገና በአንድ ቃል ጥላ ሥር አርፈዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቃል። «ሮክ» ሲባል ብዙ ሰው ዐለት ይመስለዋል፤ «ሃርድ ሮክ» ሲባል ደግሞ ጠንካራ ዐለት። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን በድምፅ የተመሳሰሉ ሁለት ቃላት አሉ። ዐለት ማለት የሆነው ከፈረንሳይ የመጣ ነው። የሙዚቃው ሮክ ግን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሥ ነው የመጣው፤ የመጀመሪያ ሥራውም ሕፃንን በአልጋው ላይ ማወዛወዝ ነበር። እሹሩሩ እያሉ ማስተኛት። ቀጥሎ መርከበኞች መርከባቸው በማዕበል ወዲያና ወዲህ ስትል ቃሉን ወሰዱት፤ ፊትና ኋላ መወዛወዟ ሮክ፣ ጎን ለጎን መንከባለሏ ሮል። ጥቁር አሜሪካውያን በጸሎት ቤቶቻቸው በመንፈስ ተነክተው ሲወዛወዙ ይህንኑ ቃል ተጠቀሙ፤ ከቤተ ጸሎት ወጥቶ ወደ ጭፈራ ቤት ሲገባ የሥጋ ፍቅርንም ጨመረበት። በ1922 ትሪክሲ ስሚዝ የተባለችው የብሉዝ ዘፋኝ ሁለቱን ቃላት በአንድ ዘፈን ርእስ ውስጥ አጣምራ በሸክላ አስቀርጻለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንዱ የሬዲዮ ሰው አለን ፍሪድ ስሙን በነጭ ወጣቶች ጆሮ አደረሰው። ስለዚህ ሮክ ኤንድ ሮል የሚለው ስም ጥቁሮች ሠርተው ያወረሱት ነው፤ ይህ ሳይነገር የሚጻፍ የሮክ ታሪክ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃርድ የሚለው ቅጽል በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲለጠፍ የጊታሩን ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚጫወተውን ወገን ለመለየት ነበር። የቃሉ ዘመድ በግሪክ «ክራቶስ»፣ ኃይል፣ ሥልጣን ነው፤ ዴሞክራሲ ከሚለው ቃል ሁለተኛው ክፍል መሆኑ ነው። እንዲህ ስናየው ሃርድ ሮክ «ኃይለኛ ውዝዋዜ» ነው እንጂ ድንጋይ የለበትም። ይህ ለጆሮም ትርጉም አለው። የኤሲ/ዲሲን ዜማ ከብዙ ጯሂ ባንዶች የሚለየው ጩኸቱ አይደለም፤ ውዝዋዜው ነው። ፊል ረድ ከበሮውን ሲመታ አይቸኩልም፣ ጌጥ አያበዛም፤ በአንድ ልክ ይመታና በምቱ መካከል ባዶ ቦታ ይተዋል። ማልኮም በዚያ ባዶ ቦታ ጊታሩን አጭር አድርጎ ይመታና እጁን ያነሣል። አንገት ሳያውቀው የሚነቀነቀው በዚህ ዝምታ ነው። ድምፁ ቢቀነስ እንኳ ይህ አልበም ያወዛውዛል፤ ቃሉ በሕፃን አልጋ ዘመን የነበረው ትርጉም እዚህ ላይ እንደገና ሥጋ ለብሷል።

በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 የባንዱ ድምፃዊ ቦን ስኮት ለንደን ውስጥ በመኪና እንዳደረ ሞቶ ተገኘ። ሌሊቱን ሲጠጣ ነበር። ዕድሜው 33 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባንዱ በአሜሪካ ስሙ መጠራት ጀምሮ ነበር፤ ወንድማማቾቹም ለሚቀጥለው አልበም ዜማ እየፈለጉ ነበር። ከሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ቦን ራሱ ልምምዳቸው ላይ መጥቶ ከበሮ መትቶላቸዋል። ለቅሶው ላይ የቦን አባት ሌላ ሰው ፈልገው እንዲቀጥሉ እንደነገሯቸው ማልኮም ያንግ ኋላ ተናግሯል። በኤፕሪል መጀመሪያ ብሪያን ጆንሰን የተባለው የሰሜን እንግሊዝ ሰው ተተካ። ጆንሰን ቀድሞ ጆርዲ በሚባል ባንድ ይዘፍን ነበር፤ ጆርዲ የዚያ የታይን ወንዝ አካባቢ ሰዎችና የአነጋገራቸው መጠሪያ ሲሆን ከጊዮርጊስ ስም የተቆላመጠ ነው።

ሽፋኑን ጥቁር ያደረጉት ለዚህ ነው፤ ለቦን ኀዘን። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ጥቁር የተለየ ቃል አለው፦ ከል። ከል ማንኛውም ጥቁር ልብስ አይደለም፤ ለኀዘን ተብሎ ጥቁር የተነከረው፣ ከለቅሶ እስከ ሙት ዓመት የሚለበሰው ነው። ከል ይለበሳል፣ ጊዜው ሲደርስም በዘመድ ፊት ይወልቃል። በከተማ ከሉ ሳይደርስ ነጠላን አዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ ትከሻ ማድረግም ያንኑ ይናገራል። የአልበሙን ስም አማርኛ ስናደርገው «ጥቁር» ካልን ቀለሙን ብቻ እንይዛለን፤ «ከል ለብሶ መመለስ» ካልን ግን ለምን እንደጠቆረ እንናገራለን። ኀዘን የሌለበት ሰው ጥቁር ይለብሳል፣ ከል አይለብስም።

የአሳታሚያቸው የአትላንቲክ ኩባንያ ሰዎች ሽፋኑን አልወደዱትም፤ ጥቁር ላይ ምን ይታያል ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ የባንዱ ስም በቀጭን ግራጫ መስመር እንዲከበብ ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ ፊደላቱ ከወረቀቱ ጎበጥ ብለው ታትመዋል። ሽፋኑን በብርሃን ፊት ጋደል ስታደርጉት ጥቁሩ ላይ ጥቁሩ ፊደል ይነሣል፤ ቀጥ ስታደርጉት ይሰምጣል፤ ዐይናችሁን ጨፍናችሁም ስሙን በጣት ማንበብ ትችላላችሁ። አንድ የንግድ ድርጅት ዕቃው እንዳይታይ የሚያደርግ ሽፋን ተቀብሎ ገበያ ማውጣቱ ያን ጊዜ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ጥቁር ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛው ጠቆረ ከጥቀርሻ ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እሳት የተወው ቀለም ነው። የእንግሊዝኛው ብላክም እንዲሁ ከመቃጠል የመጣ ነው፤ ጥንተ ሥሩ መንበልበል፣ ማንጸባረቅ ነበር። ከዚያው ሥር ግን ነበልባሉን የወሰዱ ቃላት ነጭ ሆኑ፤ ባዶ ነጭ ወረቀትን የሚጠራው «ብላንክ» እና በረኪና የምንለውን ማንጫ የሚጠራው «ብሊች» የብላክ ዘመዶች ናቸው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ጥቁር የሚለውና ገርጣ ያለ የሚለው ቃል በአናባቢ ርዝመት ብቻ ይለያዩ ስለነበር ጸሐፊዎች ራሳቸው ይደናገሩባቸው ነበር። ነጩ አልበምና ጥቁሩ ሽፋን ተቃራኒ ቢመስሉም የአንድ እሳት ሁለት ፊት ናቸው።

ቀረጻው የተካሄደው በኤፕሪልና በሜይ 1980 በባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ፣ ኮምፓስ ፖይንት በሚባል ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮውን በ1977 ያቋቋመው የቦብ ማርሊን ሥራዎች ለዓለም ያደረሰው ክሪስ ብላክዌል ነው። ሲደርሱ አየሩ የዕረፍት ደሴት አየር አልነበረም፤ ዝናብና ነጎድጓድ ነበር፤ ብሪያን ጆንሰን የመክፈቻው ዘፈን ግጥም ውስጥ ያ ነጎድጓድ እንደገባ ተናግሯል። «ስቱዲዮ» በላቲን የተጀመረው ትጋት፣ ጉጉት፣ አንድን ነገር አጥብቆ መሻት ሆኖ ነው። በጣሊያን የሠዓሊ መሥሪያ ክፍል ሆነ። በእኛ ከተማ መጀመሪያ የፎቶ ቤት ነበር፣ ቀጥሎ የሙዚቃና የቴሌቪዥን፣ አሁን ደግሞ መኝታውም ሳሎኑም አንድ የሆነ አፓርታማ «ስቱዲዮ» ይባላል። ክፍሉ ጸንቶ ትጋቱ ተረስቷል።

ኮምፓስ ፖይንት ውስጥ ግን አልተረሳም። ፕሮዲዩሰሩ ሮበርት ጆን ላንግ፣ ሰው «መት» እያለ የሚጠራው፣ ልኩ እስኪመጣለት የማይለቅ ሰው ነበር። ጆንሰንን አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ያስዘፍነዋል፤ ቃና ከሳተ እንደገና፣ ትንፋሽ ከተሰማ እንደገና። የጆንሰን ድምፅ ከጉሮሮው ጫፍ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ ስለሆነ እንዲህ ማድረግ ለአካል ከባድ ነው። ውጤቱ ግን ይሰማል። ጊታሮቹ በማሚቶ አልተሸፈኑም፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቦታ ይዞ ቆሟል። ጆንሰን በማያውቀው አገር፣ በሞተ ሰው ቦታ ቆሞ፣ ከሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ርቆ ነው የዘፈነው። በዚያ ሻካራ ድምፅ ውስጥ ከጉልበት ይልቅ ጭንቀት የሚሰማኝ ለዚህ ይሆናል፤ ለእኔ የአልበሙ ትልቁ ውበት ይህ ነው።

ስለ ቀረጻ ሳወራ አማርኛ የመረጠውን ቃል ሳላደንቅ አላልፍም። ቀረጸ ማለት በመሮ ወይም በቢላ እንጨት ወይም ድንጋይ ፈልፍሎ ቅርፅ አወጣ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከዐለት ይቀረጻል፣ ማኅተም ይቀረጻል። ሸክላ ሲሠራ የሚሆነውም ይኸው ነው። ድምፁ ከቴፕ ወደ ማስተር ሰሌዳ ሲሄድ የሰንፔር ጫፍ ያለው መቅረጫ ልስላሴ ባለው ላከር ላይ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ቦይ ይቆፍራል፤ ከበሮው ሲመታ ቦዩ ወደ ጎን ይወራጫል። ስለዚህ ድምፅ መቅረጽ ዘይቤ ሳይሆን የእጅ ሥራ ስም ነው። እንግሊዝኛው «ሪኮርድ» በሌላ በር ገባ፤ በላቲን ከልብ ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ እንደገና ወደ ልብ ማምጣት፣ ማስታወስ። ለሞተ ወዳጅ በተሠራ አልበም ላይ ሁለቱም ቃላት ሳይጣሉ ይሠራሉ።

ካሴት ሲመጣ ደግሞ አማርኛ ሌላ ግሥ ጨመረ፦ መቅዳት። ውሃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፤ ካሴትም ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሰው ቤት ባዶ ካሴት ይዞ መሄድ፣ «ቅዳልኝ» ማለት፣ በአንዱ ፊት 45 ደቂቃ መጠበቅ የሙዚቃ መስፋፊያ መንገድ ነበር። ቃሉ ትክክል ነው፤ ምንጩ አይጎድልም፣ እንስራው ይሞላል።

የአልበሙ የድምፅ ድብለቃ ኒው ዮርክ በኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ ተሠራ። ከዚያ በፊት ግን ለአልበሙ መክፈቻ ደወል አስፈለገ። ለመታሰቢያ የሚሆን የለቅሶ ደወል። የድምፅ መሐንዲሱ ቶኒ ፕላት እንግሊዝ አገር ላፍብራ ከተማ ወደሚገኘው የጦርነት መታሰቢያ ማማ ሄዶ ሊቀርጽ ሞከረ፤ ደወሉ በተመታ ቁጥር ውስጡ የሚኖሩት ወፎች እየተነሡ የክንፋቸው ድምፅ ቀረጻውን አበላሸው። በዚያው ከተማ ያለው የጆን ቴይለር የደወል ማቅለጫ ለባንዱ እያዘጋጀ የነበረውን 900 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ደወል እዚያው ማቅለጫው ውስጥ መትተው በተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ቀረጹት። አልበሙ የሚጀምረው በዚህ ደወል ነው፤ ጊታሩ የሚገባው ደወሉ ብቻውን ከተሰማ በኋላ ነው፣ ቀስ ብሎ።

ደወል በአማርኛ ዘመኑን እየተከተለ የሄደ ቃል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ስልክ። ዛሬ «ደውልልኝ» የሚል ሰው ብረት አያስብም። በጣና ደሴቶች ባሉ ገዳማት ግን እስካሁን ከእንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ለጸሎትም ይጠራሉ። እነሱም ደወል ናቸው። የሙዚቃው ሮክ ከዐለት አይወለድም ብያለሁ፤ ዐለት ግን ድምፅ የለውም ማለቴ አይደለም። የእንግሊዝኛው ቤል መጮህን፣ ማግሳትን ከሚያመለክት ግሥ ጋር ይዛመዳል። ደወሉ አግስቶ ሲያበቃ ጆንሰን ይቀጥላል፤ ሁለቱም በአንድ ግሥ ይገለጻሉ።

አልበሙ 10 ዘፈኖች ይዞ፣ 42 ደቂቃ ገደማ ሆኖ፣ ጁላይ 25 ቀን 1980 በአሜሪካ ወጣ። እኛ አገር ያን ጊዜ ሸክላ የሚለው ቃል ገና በጉልበቱ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ካስቀረጹበት ጀምሮ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ኩባንያ እስከመሠረተበትና ከዚያም በኋላ የሙዚቃ ዕቃ ማለት ሸክላ ነበር። የጥንቱ ሸክላ የሚሠራው ላክ የተባለች ነፍሳት ዛፍ ላይ ከምታመነጨው ሙጫ ነው፤ ሙጫው «ሼላክ» ይባላል፣ ለአማርኛ ጆሮም ቅርብ ነው። ግን ወደ ሌላው ምክንያት አዘነብላለሁ፦ እንደ ጋን፣ እንደ እንስራ ይሰበር ነበር። ከእጅ ካመለጠ አለቀ። የማይሰበረው ፕላስቲክ ሲተካውም ስሙ አልተለወጠም። የአዲሱ ፕላስቲክ ስም ቪኒል ሲሆን ኬሚስቶች ያወጡለት ላቲኑ «ቪኑም» ከሚለው ነው፤ ቪኑም ወይን ነው፣ የእኛ ወይንና የእነሱ ቪኑምም ከጥንት የሜድትራንያን ዳር የተካፈሉት አንድ ቃል ነው። ስሙ ሸክላ፣ ሥሩ ወይን የሆነ ጥቁር ሰሌዳ ማለት ነው እንግዲህ።

ካሴት ሸክላን ሲተካ አማርኛ አንድ ቆንጆ ነገር አደረገ፤ ዕቃውን የሥራው ስም አደረገው። «አዲስ ካሴት አወጣ» ሲባል የዘፋኙ ሙሉ ሥራ ማለት ነው። ካሴት በፈረንሳይኛ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ካሽም ካፕሱልም ከዚያው ከሣጥን ቤት ናቸው። ሲዲ ሲመጣ «ካሴት» አላስኬደም፤ ያኔ አልበም የሚለው ቃል ቦታውን ያዘ፣ ብቻውን የሚወጣው ዘፈንም «ነጠላ ዜማ» ተባለ። ከ«ባክ ኢን ብላክ» የወጣው የመጀመሪያው ነጠላ በአሜሪካ ሠንጠረዥ 35ኛ ላይ ደረሰ፤ ለአዲሱ ድምፃዊ መተዋወቂያ ሆነ።

ሙሉው አልበም በእንግሊዝና በአውስትራሊያ አንደኛ፣ በአሜሪካ አራተኛ ደረጃ ያዘ። አራተኛ መሆኑ ግን ስለ አቀባበሉ ብዙ አይነግርም። ሠንጠረዥ የሚለካው የሳምንቱን ግፊያ ነው፤ ይህ አልበም ግን በየዓመቱ አዲስ ገዢ አገኘ፣ አባት ከገዛ በኋላ ልጅ ገዛው። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ገደማ እንደተሸጠ ይገመታል። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 ከምንጊዜም ምርጥ 500 አልበሞች መካከል 73ኛ ላይ አስቀመጠው። እኔ ቁጥሩን የማነሣው አንድ ነገር ስለሚያስረዳ ነው፦ አድማጮች አዲሱን ሰው የተቀበሉት የቀድሞውን ስለረሱ አይደለም። ሽፋኑ ራሱ እንዲረሱ አልፈቀደላቸውም።

የሽያጩ መለኪያም ቃል አለው፦ ፕላቲነም። ስፔናውያን በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ወርቅ ሲያጥቡ ብር የመሰለ የማይቀልጥ ከባድ ብናኝ ያገኙ ነበር። አስቸገራቸው፣ ናቁት፤ «ፕላቲና»፣ ትንሿ ብር፣ ብለው ወደ ወንዝ መለሱት። ከዘመናት በኋላ ከወርቅ የሚበልጥ ሆነ። የአሜሪካ የሸክላ ኩባንያዎች ማኅበር በ1976 ለሚሊዮን ሽያጭ የሚሰጠውን ማዕረግ በዚሁ ስም ጠራ፤ ከዚያ በፊት የወርቅ ብቻ ነበር። «ባክ ኢን ብላክ» በ2019 በአሜሪካ ብቻ 25 ጊዜ ፕላቲነም ተባለ። በዚህ ቁጥር ውስጥ የተሸጠው ዕቃ ብቻ አይደለም ያለው። ከ2016 ጀምሮ ማኅበሩ በኢንተርኔት የተደመጠውንም ይቆጥራል፤ ዘፈኖቹ 1,500 ጊዜ ሲደመጡ እንደ አንድ አልበም ይያዛል። አልበም አሁን መጽሐፍም፣ ሣጥንም፣ ሸክላም ሳይሆን 1,500 ጊዜ መደመጥ ማለትም ሆኗል።